አንደኛ ማን ወጣ? ራስን ስለ መንቀፍና የቅርብ ሰውን ስለ ማቁሰል

እንኳን ደህና መጣችሁ። በቀጥታ ልግባ። አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፤ መልሱን ለማንም አትናገሩ፣ በልባችሁ ያዙት። የትዳር አጋራችሁ ምን ያህል ይነቅፋችኋል? ከ1 እስከ 10 ቁጥር ስጡት። 1 ማለት ጭራሽ አይነቅፈኝም፣ 10 ማለት ደግሞ ጠዋት ማታ ነቀፋ ነው። ያላገባችሁ እናታችሁን፣ አባታችሁን፣ ወይ አብሯችሁ የሚኖረውን ሰው አስቡ።

ያዛችሁ? ጥሩ።

ጥያቄዋ የኔ አይደለችም። ጂል ሁሊና ጆን ቲስዴል የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1989 ባሳተሙት ጥናት ውስጥ ያለች ናት። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በከባድ ድባቴ (ዲፕሬሽን) ሆስፒታል የተኙ 39 ባለትዳሮችን ይህንኑ ጠየቋቸው፤ ከዚያ ለዘጠኝ ወር ተከታተሏቸው። ሌላም ብዙ ነገር ለክተዋል፤ ከባልና ከሚስቶቻቸው ጋር ረጅም ቃለ መጠይቅ ሁሉ አድርገዋል። በመጨረሻ ሕመሙ ማን ላይ እንደሚመለስ ከሁሉም አብልጣ የጠቆመችው ይህቺው አንዷ ጥያቄ ሆነች። «ብዙ ይነቅፈኛል» ያሉት ናቸው በብዛት ተመልሰው የታመሙት።

ከዚያ በፊትም ለንደን ውስጥ ጆርጅ ብራውን የሚባል ሶሲዮሎጂስት ከ1950ዎቹ ጀምሮ፣ ከአእምሮ ሕክምና ወጥተው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሰዎችን ያጠና ነበር። ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ታካሚዎች ነቀፋና ጥላቻ የበዛበት ቤት ሲገቡ፣ ወይም ቤተሰቡ ከልክ በላይ ሲጨነቅላቸውና ትንፋሽ ሲያሳጣቸው፣ ሕመሙ ይበልጥ ይመለስባቸው ነበር። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ቤተሰብ በሽታውን አመጣው ማለት አይደለም። የታመመ ልጅ ያላችሁ እናቶች እዚህ ካላችሁ ይሄን እንደ ጥፋታችሁ ቆጥራችሁ እንዳትሄዱ። የተባለው፣ የቆሰለ ሰው ላይ ቃል ከሌላው ሰው ይልቅ ጠልቆ ይገባል ነው።

እኔ ልቤን የያዘው የጥያቄዋ አጠያየቅ ነው። «ባልሽ በቀን ስንቴ ተናገረሽ?» አትልም። ነቀፋው ላንቺ ምን ያህል ሆኖ ይሰማሻል ነው የምትለው። ስለዚህ በልባችሁ በያዛችሁት ቁጥር ውስጥ ሁለት ሰው አለ፤ የሚናገረውና የሚሰማው። ስለ ተናጋሪው ብዙ እናወራለን። ሽማግሌ ሲቀመጥም የሚገሰጸው ተናጋሪው ነው። ሰሚው ጆሮ ውስጥ ቀድሞ ምን እንደተቀመጠ ግን ብዙም አንጠይቅም። እኔ የማምነው ይሄንን ነው፤ ራሳችንን የምንሰድብበት ድምፅና የምንወደውን ሰው የምንጎዳበት ድምፅ ባብዛኛው አንድ ነው። አንዱን ታቅፎ ሌላውን ማረም በጣም ይከብዳል።

ድምፁ ከየት ይመጣል? በ1934 ገና በ37 ዓመቱ የሞተው የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ መልስ አለው። ልጅ መጀመሪያ ከሰው ጋር ያወራል፣ ቀጥሎ ያንኑ ለራሱ ጮክ ብሎ ያወራዋል፣ ኋላ ላይ ድምፁ ይጠፋና በውስጡ የሚያስብበት ንግግር ይሆናል ይላል። ትንሽ ልጅ ያላችሁ አይታችሁታል። ብቻዋን እየተጫወተች «ተይ! አትንኪው! ይሰበራል!» የምትል የሦስት ዓመት ልጅ አለች፤ ቃሉም የእናቷ ነው፣ ቁጣውም የእናቷ ነው፣ ጣቷን የምትቀስርበት መንገድ ሳይቀር የእናቷ ነው።

አሁን ይሄን ይዛችሁ ወደ ሰኔ መጨረሻ ኑልኝ። ካርድ የሚሰጥበት ቀን። ልጁ እየሮጠ ይገባል፣ ካርዱን ደረቱ ላይ ለጥፎታል። ሁለተኛ ወጥቷል፤ ከሃምሳ ምናምን ተማሪ ሁለተኛ። አባትየው ይቀበለዋል፣ መነጽሩን ያደርጋል፣ ሂሳቡን አማርኛውን እያለ ከላይ እስከ ታች ያየዋል፣ ከዚያ ቀና ብሎ «አንደኛ ማን ወጣ?» ይላል። በቃ። አልተሳደበም፣ አልመታም። እንዲያውም በልቡ ደስ ብሎታል፤ ማታ ለጓደኞቹ ሲያወራ አፉ ሙሉ ነው። ለልጁ ግን አይነግረውም፣ ምክንያቱም ልጅ ፊት ለፊት ከተመሰገነ ይበላሻል ሲባል ሰምቶ ነው ያደገው። ልጁ ጥያቄዋን ይዞ ያድጋል። ሲመረቅ ትጠይቀዋለች። ሲያገባ ትጠይቀዋለች። ቤት ሲሠራ ጎረቤቱ ፎቅ ጨምሮ ከሆነ ያን ቀን ትጠይቀዋለች። አባቱ ካረፈ በኋላም ማንም ሳይጠይቀው ራሱን ይጠይቃል።

አባትየውን ልከስስ አይደለም። እሱም የተሰጠውን ነው የሰጠው። ቢሆንም ልጁ ምን እንደደረሰው ማወቅ አለብን።

ፊላደልፊያ ውስጥ አሮን ቤክ የሚባለው የአእምሮ ሐኪም በ1960ዎቹ ታካሚዎቹን ሲያዳምጥ፣ አፋቸው ከሚያወራው ሥር ሌላ ፈጣን ወሬ እንደሚሄድ አስተዋለ። «እኔ እኮ አልረባም»፣ «ሰልችቼዋለሁ»፣ «አሁንም አበላሸሁት»። ሰውየው እነዚህን እንደ ሐሳብ አይቆጥራቸውም፤ እንደ እውነት ተቀብሏቸው ያልፋል። የዬል ዩኒቨርሲቲው ሲድኒ ብላት ደግሞ አንዱ ሰው ድባቴ ውስጥ የሚገባው የሚወደውን ሰው ሲያጣ ወይም ብቻውን የቀረ ሲመስለው ነው፣ ሌላው ግን የማይበቃ ሲመስለው፣ ሲሳሳት፣ ራሱን ሲከስ ነው አለ። ይሄ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከውጭ ሲታይ ጎበዝ ነው። ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ሰው ሁሉ የሚመካበት። ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም።

እንግዲህ ይሄ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ እንየው። ጠዋት አንድ ደብዳቤ ላይ ቁጥር ተሳስቷል። አለቃው «አስተካክለው» ብሎት አልፏል፤ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ «ደደብ! አንድ ቁጥር እንኳን!» ሲል ነው የዋለው። ሚስቱ ሽንኩርት እያቁላላች ነው። ፊቷን ወደ ድስቱ እንዳደረገች «የመብራቱን ከፈልከው እንዴ?» ትለዋለች።

«ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?»

«ምን አልኩ? ተከፈለ ወይ ነው ያልኩት።»

«እኔ እዚህ ቤት ምንም አልሠራም ማለት ነው?»

ማማሰያውን አስቀምጣ ትዞራለች። «አንተን እኮ ማናገር አይቻልም!»

አያችሁ? መጀመሪያ ላይ ነቀፋ አልነበረም። ሰውየው የሰማው ቀኑን ሙሉ ለራሱ ሲናገር የዋለውን ነው፤ «ይኸው እሷም ደደብ ነህ አለችኝ» ነው ያለው በውስጡ። በአምስተኛው ንግግር ላይ ግን እውነተኛ ነቀፋ ተወለደ። አሁን ስለ መብራት አይደለም፣ ስለ እሱ ማንነት ነው። እሷም በተራዋ አልጋዋ ላይ ተገላብጣ «እኔስ ምን ዓይነት ሚስት ነኝ፣ ደክሞት ሲገባ እንኳን» እያለች ታድራለች። ሁለት ከሳሽ አንድ ጣራ ሥር ሲያድር እንዲህ ነው። የመብራቱ ሂሳብም ሳይከፈል አደረ።

ሮቢንሰንና ፕራይስ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1980 ያሳተሙት ጥናት አለ። ታዛቢዎች ቤት ድረስ ሄደው ባልና ሚስት አንዳቸው ለሌላቸው የሚያደርጉትን መልካም ነገር መዘገቡ፤ ባለትዳሮቹም በፊናቸው መዘገቡ። ደስታ የራቃቸው ባለትዳሮች ታዛቢው ካየው መልካም ነገር ግማሽ ያህሉን አላዩትም። እደግመዋለሁ፣ ግማሽ ያህሉን። ውሃ ቀድቶ ሰጥቷታል፣ እሷ ግን አልመዘገበችውም። ሳቅ ብላ አናግራዋለች፣ እሱ ግን አልሰማትም። አንዳንድ ጊዜ «ምንም አታደርግልኝም» የሚለው ሰው እየዋሸ አይደለም። በእውነት አላየም።

ወደ ተናጋሪው ልምጣ፤ እሱ ጋ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ።

ጆን ጎትማንና ሮበርት ሌቨንሰን የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ባለትዳሮችን ካሜራ ፊት አስቀምጠው፣ የልብ ምታቸውን እየለኩ፣ በሚያጣላቸው ጉዳይ ላይ አወያይተዋል። ጎትማን ሲያትል ውስጥ አፓርትመንት የመሰለ ላቦራቶሪ ሁሉ አዘጋጅቶ ነበር። ትዳርን የሚያፈርሱ ብሎ የለያቸው አራት ጠባዮች አሉ፤ ነቀፋ፣ ንቀት፣ ራስን መከላከልና ዘግቶ ዝም ማለት። ከሁሉም የከፋው ንቀት ነው።

ቅሬታና ነቀፋ አንድ አይደሉም። «ልጁን ከትምህርት ቤት አመጣዋለሁ ብለህ ሳትሄድ ቀረህ፤ አንድ ሰዓት በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀህ፤ በጣም ነው የተናደድኩት» ቅሬታ ነው። እየጮኸች ብትለው እንኳን ቅሬታ ነው፤ ስለ ትናንቱ ነገር ነው። «አንተ መቼ አባት ሆነህ ታውቃለህ?» ግን ሰውየውን በሙሉ ነው የሚያፈርሰው። መልስም የለውም። ትናንት ለቀረሁት ይቅርታ ይባላል። አባት ላለመሆን ምን ተብሎ ይቅርታ ይጠየቃል?

እኛ ዘንድ ደግሞ ጩኸትን አብዝተን እንፈራና በለሆሳስ የሚወረወረውን እናልፈዋለን። አግቦ፣ ሽሙጥ። አባት ሶፋው ላይ ተቀምጧል፣ እናት ከኩሽና ልጁን ጠርታ «ሂድና አባትህን፣ ዛሬም ባዶ እጅህን ነው የመጣኸው በለው» ትላለች። ሰውየው ሁለት ሜትር አይርቅም። ልጁ መሃል ላይ ቆሟል፣ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። ወይም እንግዳ በተሰበሰበበት ባል «የኔዋ እኮ ከእንቁላል ጥብስ ውጭ አትችልም» ይላል፣ ሰው ይስቃል፣ እሷም አብራ ትስቃለች። ቤት ሲገቡ ዝም ስትለው «ምነው፣ ቀልድ እንኳን አታውቂም?» ይጨምርበታል። ይሄ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል ባይ ነኝ፤ መጀመሪያ አቆሰላት፣ ቀጥሎ መቁሰሏን ነቀፈባት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ታዲያ ይሄ ተናጋሪ ከውስጥ ሲታይ ምን ይመስላል? እንቁላል ጥብስ ብሎ የሚያላግጠው ሰው መኪናውን ሲያቆም ቢያስነካ ራሱን ምን ብሎ እንደሚሰድብ አዳምጡት። ራሱን ለአንድ ስህተት ምሕረት የማያውቅ ሰው ለሚስቱ ከየት ያመጣዋል? ሁሉም እንዲህ ነው አልልም። ራሱን በጣም ወድዶ ሌላውን የሚንቅም አለ። ግን በሩን ዘግቶ የሚያለቅሰው፣ ቤተሰቡን ሲያስለቅስ የዋለው ሰው ራሱ መሆኑ ብዙ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «ሰው ራሱን ካልገሰጸ ይሰንፋል።» አሜሪካ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጁሊያና ብሬይንስና ሴሬና ቼን በ2012 ይሄንን ፈትነውታል። ተማሪዎች ከባድ የቃላት ፈተና ወስደው ወደቁ። ለአንዳንዶቹ «ብዙ ሰው ይከብደዋል፣ በራስህ ላይ አትጨክን» የሚል መልእክት ተሰጠ፤ ለሌሎቹ «ጎበዝ ባትሆን እዚህ አትገባም ነበር» ተባለ፤ ለቀሩት ምንም አልተባለም። ከዚያ ለሁለተኛው ፈተና እንዲያጠኑ የፈለጉትን ያህል ጊዜ ተሰጣቸው። ረጅም ሰዓት ያጠኑት አትጨክን የተባሉት ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። በተሳሳተ ቁጥር የሚደበደብ ሰው ስህተቱን ማየት አይችልም፤ ስህተቱን ይሸሸዋል።

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፖል ጊልበርትም ከባልደረቦቹ ጋር በ2004 ራስን መንቀፍን ለሁለት ከፍሎታል። አንዱ ለማረም ነው፤ «ነገ ቀደም ብለህ ውጣ»። ሌላው ለመቅጣት፣ ራስን ለመጥላት ነው፤ «አንተ ብሎ ሰው»። ንስሐ የገባችሁ ልዩነቱ ይገባችኋል። ንስሐ አባት ኃጢአቱን ሰምተው ቀኖና ይሰጣሉ፤ ይሄን ያህል ጾም፣ ይሄን ያህል ስግደት። ልክ አለው። ፈጽመህ ትመጣለህ፣ ይፈቱሃል፣ ያ ነገር አለቀ። የውስጡ ከሳሽ ግን መቼም አይፈታም። በየቀኑ ያንኑ ኃጢአት እያነሳ እንደ አዲስ ያሰግድሃል። ይሄ ትሕትና አይደለም።

ምን ይደረግ? ሁሉን ዛሬ አልጨርሰውም፣ የሚሠሩትን ልንገራችሁ።

ኢታን ክሮስ የሚባል የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ2014 እንዳሳየው፣ ሰው በጭንቅ ሰዓት «እኔ ለምን እንዲህ ሆንኩ» ከማለት ራሱን በስሙ ጠርቶ ሲያናግር ጭንቀቱ ይቀልለታል፣ ከዚያም በኋላ ነገሩን እያመነዠከ ብዙም አይሰቃይም። ራስህን በስምህ ስትጠራ እንደ ሌላ ሰው ታየዋለህ፣ ለሌላ ሰው ደግሞ አብዛኞቻችን ከራሳችን ይልቅ እንራራለን። ደብዳቤ ላይ የተሳሳተው ሰውዬ ታክሲ ውስጥ ስሙን ጠርቶ «ቁጥር ተሳስተሃል፣ አስተካክለሃል፣ አሁን ወደ ቤትህ እየሄድክ ነው» ቢል ኖሮ ያቺ የመብራት ጥያቄ እንደ ጥያቄ ትደርሰው ነበር።

ለተናጋሪው ደግሞ አጀማመሩ ወሳኝ ነው። ሲቢል ካሬርና ጎትማን በ1999 ባሳተሙት ጥናት 124 አዲስ የተጋቡ ጥንዶች ሲከራከሩ ቀርጸው ለስድስት ዓመት ተከታተሏቸው። ከአሥራ አምስት ደቂቃው ክርክር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ብቻ እነማን እንደሚፋቱ ይጠቁሙ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ከማውጣታችሁ በፊት እዩዋት። «ሁልጊዜ» ወይም «መቼም» አለባት? ስለ ሆነው ነገር ነው ወይስ ስለ ሰውየው? ክፉ ቃል ካመለጣችሁም እዚያው ላይ «ቆይ፣ እንደሱ ማለቴ አልነበረም፣ እንደገና ልበለው» በሉ። በዚህ ማንም ክብሩን አያጣም።

ልባችሁ በደቂቃ ከመቶ በላይ መምታት ሲጀምር ጆሮ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ማስረዳት ከንቱ ነው። ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ተለያዩ። ሲለያዩ ግን «ሃያ ደቂቃ ስጪኝ፣ እመለሳለሁ» ብሎ ነው፣ ተመልሶም መምጣት ነው። ኩርፊያ ሌላ ነው። ሁለት ሳምንት የሚቆይ፣ ምግብ በልጅ የሚጠራበት ኩርፊያ ያለ ቃል የሚነገር ነቀፋ ነው፣ ልጆችም በደንብ ይሰሙታል።

ይሄን ሁሉ ስል ግን አንድ ቤት ለይቼ ማውጣት አለብኝ። ስድቡ ዛቻ ካለበት፣ ዱላ ካለበት፣ ከዘመድ መለየት ካለበት፣ ስልክና ገንዘብ መንጠቅ ካለበት፣ ይሄ የአነጋገር ችግር አይደለም። እዚያ ቤት ያለሽ እህቴ፣ ያለህ ወንድሜ፣ ጆሮህን አስተካክል አልልህም፣ ለስለስ ብለሽ ጀምሪ አልልሽም። መጀመሪያ የምታምኑት ሰው ይወቅ፣ መጀመሪያ ደኅንነታችሁ።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ ላስገባ።

አንድ ወንድማችን «እኔ ብለወጥ፣ እሷ ካልተለወጠችስ?» አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ማንም ለሌላው ዋስ መሆን አይችልም። ግን ከዚህ ወጥተህ «ይኸው ንቀት ነው ተብሏል፣ አንቺ የምታደርጊው እሱን ነው» እንዳትላት። ያን ካደረግህ ዛሬ የተባለውን ሁሉ ለነቀፋ ነው ያዋልከው። አንድ ወር ያንተን ብቻ ያዝ። ያደረገችውን መልካም ነገር አይተህ ስሙን ጠርተህ አመስግናት፤ «ሻዩን ስላፈላሽልኝ» በል፣ «ጥሩ ሴት ነሽ» አይበቃም። ጎትማን በክርክር መሃል እንኳን ጤነኛ ባለትዳሮች ለአንድ ክፉ ነገር አምስት መልካም ነገር አላቸው ይላል። ከወር በኋላ ለውጥ ካጣህ ቁጭ ብለህ ስለ አንድ ነገር፣ ስለ አንዷ ብቻ፣ ቅሬታህን ንገራት።

ሌላዋ አረብ ሀገር ዓመታት ሠርታ የመጣች እህት ናት። እናቷ ጋ ስትደውል ገና ሰላምታው ሳያልቅ «የእገሊት ልጅ ለእናቷ ቤት ሠራች» ይሏት ነበር፣ አሁን ተመልሳ አብራቸው እየኖረችም አልቀረላትም። «እናቴ ናት፣ ምን እላታለሁ? ዝም ስል ደግሞ ውስጤ ይቃጠላል» አለች፤ ድምጿ ተሰበረ።

እህቴ፣ እናትን መመለስ ነውር ነው ብለሽ እንደፈራሽ አውቃለሁ። ስድብ ነው እንጂ ነውሩ፣ ሕመምን መናገር ነውር አይደለም። ሰላማዊ ቀን መርጠሽ፣ ቡና እየተጠጣ «እማዬ፣ የእገሊትን ቤት ስታነሺብኝ እኔ የላክሁት ሁሉ ሜዳ ላይ የቀረ ይመስለኛል። በጣም ይከፋኛል» በያት። አንዴ። እናቶቻችን ብዙ ጊዜ እንደሚያቆስሉ አያውቁም፤ እያበረቱን ነው የሚመስላቸው። ልትለወጥ ትችላለች፣ ላትለወጥም ትችላለች፣ በዚህ ዕድሜ አልፈርድባትም። አንቺ ጋ የሚቀረው ግን ሌላ ነው። እሷ ተናግራ ከጨረሰች በኋላ፣ ማታ አልጋሽ ላይ፣ ንግግሩን የሚቀጥለው ማነው? ያን ሰዓት እማዬ ተኝታለች። የላክሽውን አንድ በአንድ ጻፊው፤ የወንድምሽን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናትሽን መድኃኒት፣ የጣራውን ቆርቆሮ። ጽፈሽ አስቀምጪው፣ ድምፁ ሲነሳ አውጥተሽ አንብቢው። ብቻሽን ከከበደሽ ደግሞ አማካሪ ጋ ሄደሽ አብራችሁ አንብቡት።